ያረጀ ሰነድ ለያዛችሁ ልጆች

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። የሶፍትዌር ሰነድም (ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫንና እንደሚሠራ የሚነግረው ጽሑፍ) ያው ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይቀየራል፤ ሰነዱ ድሮ የተጻፈበትን ይዞ ቁጭ ይላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኮድ የምትማሩ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ኔት ሲቆራረጥ መማሪያው በፍላሽ ይዞራል። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል፤ ፒዲኤፉ መቼ እንደተዘጋጀ የሚጠይቅ የለም። የቆዩት መማሪያዎች ኮድ ወደ ጊትሀብ (ኮድ ወደሚቀመጥበትና ወደሚጋሩበት ድረ ገጽ) ስትልኩ «ስምና ፓስወርድ አስገባ» ይላሉ። ጊትሀብ ግን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ለሚላክ ኮድ ፓስወርድ አይቀበልም። ቶክን (ጊትሀብ ራሱ የሚሰጣችሁ ረጅም የምስጢር ኮድ) ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ (ማሽናችሁ ላይ የሚቀመጥ መለያ ፋይል) ይፈልጋል። ልጁ ይህን በምን ይወቅ? ፓስወርዱን ደግሞ ይጽፋል። እምቢ ሲለው ይቀይረዋል። አዲሱም እምቢ ይላል። ማታ ላይ «ይሄ ሙያ ለኔ አይሆንም» ብሎ ላፕቶፑን ይከድናል። አንድ ያልታረመ መስመር ነው እንዲህ ያደረገው።

ፓይተን ላይም ያው ነው። ኡቡንቱ 24.04 (አንዱ የሊኑክስ ቨርዥን) ላይ የፓይተን ጥቅል ለመጫን በቀጥታ «ፒፕ ኢንስቶል» ብትሉ ይከለክላችኋል፤ መጀመሪያ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚሆን የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠሩ ይላል። የድሮ መመሪያዎች ይህን ደረጃ አያነሱትም።

ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2017 የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ተጠቃሚዎችንና አዘጋጆችን ጠይቆ ነበር። 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት ሰነድ በየቦታው ያለ ችግር ነው አሉ። ኮድ ከሚያዋጡት 60 በመቶው ደግሞ ሰነድ ላይ እጃቸውን የሚያሳርፉት ከስንት አንዴ ነው፣ ወይም ጭራሽ አይነኩትም። ሁሉም ያማርራል፣ የሚያርመው ጥቂቱ ነው።

እኔ ብዙ ዓመት ሲስተም ስተክልና ስጠግን ቆይቻለሁ። የማምንበትን ልንገራችሁ፦ ሰነድ ለማረም ከሁሉም የሚሻለው ጀማሪ ነው። ደሴ ላይ መንገድ ጠይቁ፤ «የድሮው ሻይ ቤት ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይሏችኋል። ሻይ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ለተናጋሪው ግን አሁንም እዚያው አለ። ግራ የሚገባው እንግዳው ብቻ ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤቶችም እንደዚሁ ናቸው። ማሽናቸው ላይ ሁሉም ነገር ተጭኗል፤ የመጫኛ ገጹን ከላይ እስከ ታች ካነበቡት ቆይቷል።

ስለዚህ አዲስ ነገር ስትጭኑ ደብተር አጠገባችሁ ይኑር። የቱ ትዕዛዝ ላይ እንደቆመባችሁ፣ ምን ስህተት እንደሰጣችሁ፣ በምን እንዳለፋችሁት እዚያው ጻፉ። ነገ እጽፋለሁ አትበሉ። አንዴ ከሠራላችሁ ያስቸገራችሁን ትረሱታላችሁ። ከዚያ ጊትሀብ ውስጥ በሰነዱ ገጽ ላይ ያለችውን የእርሳስ ምልክት ነክታችሁ መስመሯን አስተካክሉና ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ) ላኩ። ማብራሪያው አጭር ይሁን፦ «ኡቡንቱ 24.04 ላይ ሞከርኩት። ሦስተኛው ትዕዛዝ ይህን ስህተት ሰጠኝ። በዚህ ስተካው ሠራ።» ስህተቱን ቃል በቃል ቅዱት፤ ሌላው ሰው ጉግል የሚያደርገው እሱን ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ሰነድ ቅኔ አይደለም፤ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልገው።

ግን ለቁጥር ብላችሁ አትላኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃክቶበርፌስት (በየኦክቶበር የሚካሄድ ኮድ የማዋጣት ዘመቻ) ላይ ቲሸርት ይገኛል ተብሎ ስንቱ ሰው የሰው ሰነድ ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ጨምሮ ላከ! የፕሮጀክት ባለቤቶች ተማረሩ፤ አዘጋጆቹም ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ ይካተት ብለው ደንቡን ለወጡ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው። ዛሬ ደግሞ ኤአይ ያስጻፉትን ሳይሞክሩ የሚልኩ አሉ። እናንተ በእጃችሁ ያልሞከራችሁትን ትዕዛዝ አትላኩ።

የራሳችሁ ፕሮጀክት ካላችሁ ሰነዱን ከኮዱ ጋር አንድ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ፋይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጡት። ኮዱን የቀየረ ሰው በዚያው ፑል ሪኩዌስት ሰነዱንም ይቀይር፤ ካልቀየረ አትቀበሉት። ይሄ ግትርነት ይመስላል፣ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። ፓይተን ከሆነ ዶክቴስት የሚባለው መሣሪያ ሰነዱ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አስኪዶ ውጤታቸው የተለየውን ይነግራችኋል። የስክሪን ፎቶ አታብዙ፤ በተን ቦታ በቀየረ ቁጥር ፎቶው ያረጃል። የማይሠራውን ገጽ ደግሞ ሰርዙት። የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት ታሪኩን ይይዝላችኋል።

ወደ አማርኛ መተርጎም ለምትፈልጉ፣ ጎሽ! ግን ትርጉም ዋናው በተቀየረ ቁጥር መከተል አለበት። ከገጹ አናት ላይ ከየትኛው ቨርዥን፣ በየትኛው ቀን እንደተተረጎመ ጻፉ። አምስት ገጽ ተርጉሞ አምስቱንም ማደስ፣ ሃምሳ ተርጉሞ ከመጥፋት ይሻላል። ለፍላሹም ፒዲኤፍ ቨርዥኑንና ቀኑን ከፋይሉ ስም ጋር አብራችሁ ጻፉለት።

የላካችሁት እርማት መልስ ሳያገኝ ቢቆይ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ከሥራ ሲመለሱ ማታ ማታ ነው የሚያዩት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ በትህትና አስታውሱ። አስተካክሉ ካሏችሁም አትኩረፉ፤ አስተካክላችሁ መልሳችሁ ላኩ።