የካርድ ጨዋታ ምኑ ነው የሚጥመው? ጠይቁኝ

እሁድ እሁድ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ማጂክና ፖኬሞን የሚባሉ የካርድ ጨዋታዎች የምንጫወት ጥቂት ሰዎች አለን። ጠረጴዛችን ጋ ቆሞ የሚጠይቀን ሰው ስለበዛ እዚህ ልመልስ። ካርድ አልሸጥም፣ ተጫዋች ብቻ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከኮንከር በምን ይለያል? ያው ካርታ አይደል?

በኮንከር ሁላችንም የምንስበው ከአንድ ክምር ነው፤ የደረሰህን ይዘህ ትፍጨረጨራለህ። እዚህ ግን ክምርህን ቤትህ ሠርተህ ትመጣለህ። ሪቻርድ ጋርፊልድ ማጂክን በ1993 ሲያወጣ አዲሱ ነገር ይሄ ነበር። ቢያንስ 60 ካርድ ትይዛለህ፤ መክፈያ ከሆኑት «መሠረታዊ መሬት» ከሚባሉ ካርዶች በቀር ከአንዱ ዓይነት ከ4 በላይ አይፈቀድም። ለእኔ ግማሹ ደስታ ማታ አልጋ ላይ ካርድ ዘርግቼ «ይሄን ላውጣ፣ ያንን ላስገባ» ስል ነው።

ጥያቄ፦ መሬት ካልመጣልኝ ቁጭ ብዬ መሸነፍ ነው። ይሄ ምኑ ደስ ይላል?

እሱስ ደስ አይልም። ማጂክ ላይ ሌላውን ካርድ ለማውጣት የምትከፍለው በመሬት ካርዶች ስለሆነ፣ መሬት ከሌለህ እጅህ ታስሯል። ከ60ው 24ቱ መሬት ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች በአማካይ ወደ 3 ይደርሱሃል፤ አንዳንዴ ግን 1፣ አንዳንዴ 6። ሀርትስቶን የሚባለው የኮምፒውተርና የስልክ ካርድ ጨዋታ ይህን ጣጣ አስቀርቶታል፤ መክፈያው በየተራው በራሱ አንድ አንድ እየጨመረ 10 ይደርሳል።

እኔ ግን የማጂኩን እመርጣለሁ። ዕድል ባይገባበት አዲስ ሰው የቆየውን አንዴም አያሸንፍም፣ በሚቀጥለው እሁድም አይመጣም። ደግሞ 17 መሬት ብቻ አስገብተህ ዕድልህን አትርገም! የመጀመሪያው እጅህ ካልጣመህ መልሰህ በውዘህ 7 ትስባለህ፤ ከዚያ አንዱን ከክምሩ ሥር ትከታለህ።

ጥያቄ፦ በጣም ልብ የሚያንጠለጥለው ጊዜ የቱ ነው?

ምንም ያልተደረገበት ጊዜ። ባላጋራህ በሰማያዊ ካርድ ይጫወታል እንበል። ሁለት ሰማያዊ መሬት ሳይጠቀምባቸው ትቶ «ያንተ ተራ» ይልሃል። እጅህ ላይ ትልቁ የአውሬ ካርድህ አለ። በሁለት ሰማያዊ መሬት፣ ያወጣኸውን ካርድ ገና ሳያርፍ የሚያከሽፍ ካርድ መጣል ይቻላል። ይዞታል ወይስ ያስመስላል? ቡናውን ይጠጣል፣ መሬቶቹን በጣቱ ያስተካክላል። ትንሹን አውሬ አስቀድመህ ታወጣለህ፤ ዝም ይላል። አሁን ባሰ! ለትንሹ አላባክንም ብሎ ይሆን፣ ወይስ ባዶ እጁን ነው? እዚህ ላይ ካርዱን ትተህ ሰውየውን ማንበብ ትጀምራለህ። ለዚህ ነው ስልክ ላይ ስጫወት ግማሹ ጣዕም የሚጠፋብኝ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የፖኬሞን ካርድ ከውጭ ተልኮለታል። ቁማር አይሆንም ወይ?

እናቴ፣ ጨዋታው ላይ ገንዘብ አይያዝም። ማጂክ ሲጀመር ካርድ የማስያዝ ደንብ ነበረው፤ ቆይቶ ቀርቷል። ስጋትዎ ልክ የሚሆነው ፓኬት ግዢ ላይ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታይ የሚገዛ ስለሆነ «አንድ ልጨምር» ያስብላል። ለመጫወት ከሆነ አልቆ የተዘጋጀውን ባለ 60 ካርድ ይግዙለት። መቀነስና መደመሩን ግን በደንብ ይለማመድበታል፤ አብረውት ቢጫወቱ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ብር የለኝም። ልምጣ?

ና። እኛም ብዙውን ካርድ ወረቀት ላይ አሳትመን ነው የምንጫወተው። በልኩ ቆርጠህ፣ ተራ ካርታ ከኋላው አድርገህ፣ ሁለቱን አንድ የፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ትከታለህ። ካርታው ከሌለበት ለመበወዝም አይመች፣ የሐይቁ ነፋስም ይወስደዋል። ይፋዊ ውድድር ላይ ይህ አይሠራም፤ እኛ ጋ ግን ማንም አይጠይቅህም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ሰው በላይ መጫወት ይቻላል?

ይቻላል። ኮማንደር የሚባለው የማጂክ አጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሰው ነው፤ 100 ካርድ፣ መነሻው 40 ነጥብ ሕይወት። ሁለቱ ተባብረው ሦስተኛውን ሲጥሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ሲካካዱ ማየት ነው! ግን ሰዓት ይበላል፤ ባጃጅ ሳይጠፋ በጊዜ ጀምሩት።