የስፌት ፋብሪካ ጓደኞች

ጥያቄ፦ በኒው ዮርክ የልብስ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ስደተኛ ሴቶች የሠራተኛ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ጓደኝነትና ፍቅር በትግላቸው ውስጥ ምን ቦታ ነበራቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሊቱዌኒያ የመጣችው ፖሊን ኒውማን ገና በልጅነቷ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቀጥራ ትርፍ ክር ስትቆርጥ ትውል ነበር፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር እየተሰበሰበች ታነብ ነበር፤ በእኔ እምነት የማኅበሩ ሥር ያለው ከስብሰባ አዳራሹ ይልቅ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ከ20,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሥራ ያቆሙት በእንዲህ ያለ መተማመን ነው። በ1911 የትራያንግል እሳት 146 ሰዎችን ሲገድል፣ ኒውማን የቀድሞ የሥራ ጓደኞቿን አጣች።

ኋላ በፊላደልፊያ ከተዋወቀቻት ፍሪዳ ሚለር ጋር ኑሮ መሥርታ የሚለርን ልጅ አብረው አሳደጉ። በዘመኑ ጓደኝነት ተብሎ የሚታለፈውን ይህን ትስስር፣ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች የትዳር ያህል ይቆጥሩታል። ከፖላንድ የመጣችው አይሁዳዊት ሮዝ ሽናይደርማንና አየርላንዳዊቷ ሞድ ስዋርትዝም ስዋርትዝ በ1937 እስክትሞት ድረስ አልተለያዩም፤ ሁለቱም የሴቶች የሠራተኛ ማኅበራት ሊግን በየተራ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።