ልጅቷ ሥራ ይኑራት

ውድ ልጆቼ፣

አርታኢ ሆኜ ስሠራ ብዙ ረቂቅ በእጄ አልፏል። ሰሞኑን ከእናንተ ከሚደርሱኝ ውስጥ አንድ ዓይነት ታሪክ በዝቷል። አንዲት ልጅ ዝነኛ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ታፈቅራለች። ከብዙ ግርግር በኋላ እሱም ይወዳታል። እስከዚያው ድረስ ያስቃሉ።

እኔ ደስ ይለኛል። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሏችሁን አትስሟቸው። የፍቅር ልብ ወለዳችን ለቅሶ ይበዛበታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የት እንደሚያደርሰን ከርዕሱ ጀምሮ ነግሮናል። ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ግን ሥራ ውሎ ደክሞት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ፈገግ የሚያሰኘው ገጽ ቢያገኝ ምን ነውር አለው? እሱን ማሳቅም ትልቅ ሙያ ነው።

ስለዚህ ጻፉ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት።

በብዙዎቹ ረቂቆች ዘፋኙ ሁሉ ነገር አለው። ቦሌ ቪላ፣ ጥቁር መኪና፣ ጠባቂ፣ የከዳችው የድሮ ፍቅረኛ። ልጅቷስ? ስልኳ ላይ ፎቶውን ታያለች። ሲያያት ትደነግጣለች። ማኪያቶ ሸሚዙ ላይ ትደፋበታለች። ማኪያቶው በየረቂቁ ስላለ አንባቢ ገና ስኒው ሲመጣ ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ ትጠብቃለች። ገጽ በገጽ ላይ ትጠብቃለች።

እንዲህ ያለች ልጅ አታስቅም። ከእሱ ሌላ የምትፈልገው ነገር ስለሌላት የሚጋጩበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ቀልዱን ከውጭ ታመጡታላችሁ፤ መውደቅ፣ መደፋት፣ ስም መሳሳት። ከሁሉ በላይ የሚከፋው ደግሞ እሱ ለምን እንደወደዳት አንባቢ አይገባውም።

እስቲ ሥራ ስጧት። ብሔራዊ ቴአትርን አስቡ። በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ተመልካች በፊት በር ገብቶ መድረኩን አይቶ ይወጣል። ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ መብራት የሚያስተካክል፣ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ልብስ የሚሰፋ ሰው አለ። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ትሁን። መጋረጃ ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ተዋናይ ሱሪው ከኋላ ተተርትሮ እየሮጠ ይመጣል። እሷ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀና ብላ እንኳ አታየውም።

«ሱሪዎን ያውልቁ።»

«እዚህ?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተቀድዶ ከሚታይ እዚህ ቢያወልቁት አይሻልም?»

ጋቢ ትወረውርለታለች። መድረክ ላይ ሊነግሥ የመጣው ሰው ጋቢውን አገልድሞ ከስፌት መኪናው አጠገብ ይቆማል። ፍርሃቱን ለማስታገስ ቃለ ተውኔቱን ያጉተመትማል። መሃል ላይ ይጠፋበታል። እሷ ከመኪናው ዓይኗን ሳታነሳ ቀጣዩን መስመር ትነግረዋለች። በየልምምዱ ሰምታዋለች። እሷም ቸኩላለች፤ የማታ ትምህርት ፈተና አላት።

ይህን ትዕይንት ስታነቡ ተዋናዩ በማግስቱ ያልተቀደደ ሱሪ ይዞ ለምን እንደሚመለስ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ለእሱም ሥራ ስጡት። ዝነኛ ሰው በረቂቆቻችሁ ውስጥ ሲሠራ አይታይም፤ ሲታወቅ ብቻ ነው የሚታየው። ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ባለ ታሪኮቹን እያንዳንዳቸውን በየድምፃቸው ያናግራቸው ነበር። አድማጭ ድምፁን ወደደ፣ እስከ ዛሬም ይወደዋል። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለ ልፋት አይመጣም። ልፋቱን ያየች ልጅ የምትወደው ሰው አገኘች ማለት ነው። ፎቶውን ብቻ ያየች ልጅ ገና አልተዋወቀችውም። ይህን የምለው ለመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ከናንተም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ለአንድ አርቲስት መልእክት ስትጽፉ የምታድሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አስባችኋለሁም።

ደግሞ የአዲስ አበባን ዝነኛ ጻፉ። ጠባቂና ጥቁር መኪና ከሌላ አገር ፊልም የመጣ ነው። የኛ አርቲስት ከለቅሶ አይቀርም። ጎረቤት ሲሞት እናቱ ደውላ ትጠራዋለች፣ ይመጣል፣ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ያሳደጉት እማማ በልጅነት ቅጽል ስሙ ይጠሩታል፣ ንፍሮ እንዲያዞር ሳህን ያስይዙታል። አንዱ ለቀስተኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩን ለሰልፊ ያወጣል። አርቲስቱ ደግሞ በአንድ እጁ ንፍሮ ይዞ ፈገግ ማለት ይገባው እንደሆነ ግራ ይገባዋል። እዚህ ድንኳን ውስጥ የሦስት ምዕራፍ ሳቅ አለ። ልጅቷም እዚያው ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ልትገኝ ትችላለች።

የቤተሰቡን ነገርም አትለፉት። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ወሊሶ ሳለ አያቱ ሙዚቃውን ትቶ ትምህርቱ ላይ እንዲበረታ ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ወደ አዲስ አበባ መጣ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ደግሞ አገር በሙሉ አለቀሰለት፣ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ዘፋኝን «አዝማሪ» ብሎ የሚንቅ አፍና ዘፈኑን ሲሰማ የሚያለቅስ ዓይን በአንድ ሰው ላይ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እንግዲህ የልጅቷን አባት አስቡ። ሽማግሌ ተልኮበት፣ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ኮስተር ሲል፣ የሰውየው ዘፈን ከጎረቤት ሱቅ ይሰማል። የአባትየው እግር ሳያውቀው ወለሉን ይመታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሕይወት ያለን አርቲስት አንድ ፊደል ቀይራችሁ አታስገቡ። ሰፈሩን፣ ትዳሩን፣ የልጆቹን ነገር አንባቢ ወዲያው ይለየዋል። እሱ ሚስት አለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለናንተ ቀልድ የሆነው ለነሱ ገመና ነው። ሰውዬውን ራሳችሁ ፍጠሩት።

የምታስቁበትን ምልልስ ሁሉ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። እናታችሁ ወጥ እየሠራች ብታነቡላት ይሻላል፤ እየሰማች መሆኗን ሳትደብቅ ከሳቀች ይዟታል። ዝም ብላ ሽንኩርቷን ካቁላላች እንደገና ጻፉት። ሲያሳጥሩት ብዙ ጊዜ ይድናል።

ከእንግዲህ ረቂቅ ስትልኩልኝ መጀመሪያ እሱ የሌለበትን ምዕራፍ ላኩልኝ። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትጣላ፣ ደሞዟ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚያልቅ ላንብብ። እሷን ያለ እሱ ካስነበባችሁኝ የተቀረውን እኔው ራሴ እጠይቃችኋለሁ።