መልስ፦ የፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ማሳ ለምን ረጅምና ጠባብ ሆነ?

በሰሜን አሜሪካ የሰፈሩ ፈረንሳውያን ማሳዎች ለምን እንደ ጥብጣብ ረጅምና ጠባብ እንደሆኑ፣ አጥሩስ የማን እንደነበር ለጠየቁት፣ ዛሬ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘውን የፈረንሳውያን መንደር ሴንት ጄኔቪቭን ይዤ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ የተመሠረተችው የዚህች መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን በአንድ ስፍራ አሰባስበው ሠሩ፤ የሚያርሱት ግን «ታላቁ ማሳ» ብለው በሰየሙት የወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ነበር። የእያንዳንዱ ድርሻ ከወንዙ አቅራቢያ ተነሥቶ እስከ ኮረብታው ግርጌ ስለሚዘልቅ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም መሬት ለሁሉም ይደርስ ነበር፤ አራሹም በሬዎቹን ቶሎ ቶሎ ሳያዞር ረጅም ትልም ያወጣል። ርስቱ ለወራሾች እኩል ሲከፈል የሚሰነጠቀው በቁመቱ በመሆኑ፣ ድርሻው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ሄደ። በዚህ ማሳ ላይ ስንዴና በቆሎ ያመርቱ ከነበሩት መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እንደነበሩ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም፤ የመንደሯ ታሪክ ያለ እነርሱ ጎዶሎ ነው።

አጥሩ የጋራ ነበር። በድርሻዎቹ መካከል ምንም አጥር ሳይኖር ሜዳውን በሙሉ አንድ አጥር ይከልለዋል፤ አንዱ ባለድርሻ የሚመለከተውን ክፍል ሳይጠግን ቢቀር ከብት ገብቶ የጎረቤቱን ሰብል ስለሚያጠፋ፣ ጥገናው የሁሉም ግዴታ ነበር። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ተከፍቶ የመንደሩ ከብት በጋራ ይሰማራበት ነበር።