አድራሻዬን እንዳያገኘው ምን ላድርግ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። የሚመሳሰሉትን አዋህጃለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሲያትል አካባቢ ከቤት ውስጥ ጥቃት የሸሹ ሰዎች ፎርም ሲሞሉ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ አስተረጉማለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ሸሽቼ አዲስ ቤት ልከራይ ነው። መንግሥት አድራሻዬን ይደብቅልኛል?

አዎ። አድራሻ የሚደብቀው ፕሮግራም «አድሬስ ኮንፊደንሺያሊቲ ፕሮግራም» ይባላል። ዋሽንግተን ስቴት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ኦሎምፒያ ያለ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይሰጥሻል። መንጃ ፈቃድሽ ላይም ሆነ የልጅሽ ትምህርት ቤት የሚጻፈው እሱ ነው። ደብዳቤው እዚያ ይደርሳል፣ ቢሮው ደግሞ ወደ እውነተኛው ቤትሽ ይልከዋል። የስቴትና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ይህን አድራሻ መቀበል ግዴታቸው ነው። ክፍያ የለውም። ለ4 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። አብረውሽ የሚኖሩ ልጆችም ይካተታሉ።

«ፖሊስ ጠርቼ አላውቅም፣ ማስረጃ የለኝም» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የፖሊስ ሪፖርት ግድ አይደለም። ለደኅንነቴ እሰጋለሁ ብለሽ በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ። ማመልከቻው የሚሞላው ግን ሥልጠና ከወሰደ አድቮኬት (ተጎጂዎችን የሚረዳ ሰው) ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትደውይው ለተጎጂዎች ድጋፍ ለሚሰጥ ድርጅት ነው። የት እንደምትጀምሪ ካላወቅሽ ወደ ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር፣ 1-800-799-7233፣ ደውዪ፤ አስተርጓሚ ያገናኙሻል።

ጥያቄ፦ አሁን ያለሁበትን ቤት ያውቀዋል። ልመዝገብ?

የሚያውቀውን መደበቅ አይቻልም። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው ልትለቂ ስትይ ወይም ገና እንደለቀቅሽ ነው። አዲሱን አድራሻ ለማንም ሳትሰጪ፣ መብራትና ውኃ በስምሽ ሳታስገቢ ተመዝገቢ። ቤት ልትገዢ ካሰብሽ ደግሞ የባለቤትነት መዝገብ ማንም ከፍቶ የሚያየው ነገር ነው። ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ።

ጥያቄ፦ ባንክና አከራይስ ይቀበላሉ?

በዋሽንግተን የግል ድርጅት አይገደድም። የፕሮግራሙን ካርድ አሳይተሽ ትጠይቂያለሽ፤ አንዳንዱ እሺ ይላል፣ አንዳንዱ ግራ ይገባዋል። ሚኒሶታ በዚህ ይበልጠናል፤ እዚያ ማሳወቂያው የደረሰው የግል ድርጅትም ይገደዳል። ደብዳቤሽ በሁለት እጅ ስለሚያልፍ ጥቂት ቀናት ይዘገያል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካለሽ በፖስታ ብቻ አትመኪ።

ጥያቄ፦ ልጆቹን ለማሳደግ ፍርድ ቤት ስከስ «ያለፉት 5 ዓመታት አድራሻ» የሚል አለ። ይህን ከጻፍኩ ምኑን ተደበቅኩ?

ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጋለጠው። ለልጅ አሳዳጊነት የሚቀርበው ወረቀት ልጁ 5 ዓመት የት የት እንደኖረ ይጠይቃል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች እንደዚሁ ነው። የፋይሉ ግልባጭ ለሌላው ወገን ይደርሳል። ግን ያው ሕግ መውጫም አለው። አድራሻው ቢገለጥ አንቺ ወይም ልጁ አደጋ ላይ እንደምትወድቁ በመሐላ ከገለጽሽ ይታሸጋል፣ ለሌላው ወገን አይሰጥም። ችሎት ሰምቶ ካላዘዘ በቀር። ይህን የሚነግርሽ ሰው የፍርድ ቤቱ መስኮት ላይ ላይኖር ይችላል። አንዲት እናት ባዶውን ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሞልታ መጣች፤ የአፓርታማ ቁጥሯ ሳይቀር። ገና ስላላስገባችው ቀደን አዲስ ሞላን።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርዴ በእሱ ነው የተጀመረው። ብለየው ኢሚግሬሽን ያለሁበትን ይነግረዋል?

አይነግረውም፤ በሕግ ተከልክሏል። ባልሽ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነና ጥቃት ከደረሰብሽ፣ ቫዋ (VAWA) በሚባለው፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን በሚመለከተው የ1994 ሕግ መሠረት ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። እሱ አይጠየቅም፣ አይነገረውም። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የእንዲህ ያለ አመልካችን መረጃ አሳልፎ የሰጠ ባለሥልጣን እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። ፎርሙ ላይ ደኅንነቱ የተጠበቀ የፖስታ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የጠበቃሽን ቢሮ ወይም የፕሮግራሙን ሳጥን ጻፊ። ይህን ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይያዝልሽ።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች «ቤትሽ መጥተን እንነጋገር፣ አድራሻ ስጪን» ይሉኛል። እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኛል።

ሽማግሌ መመለስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያደግነው በዚያ ነው። ግን አንድ ነገር እዩት። የፍርድ ቤት የጥበቃ ትዕዛዝ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው በኩልም መገናኘትን ይከለክላል። እሱ የላካቸው ሽማግሌዎች ከሆኑ ትዕዛዙን አስጥሰውት ይሆናል፤ እሱ ሊታሰር ይችላል። ይህን በትሕትና ንገሪያቸው፦ «አባቶቼ፣ ትዕዛዝ አለ፤ እናንተም እንዳትቸገሩ።» ብዙዎቹ የማያውቁት ነገር ነው፤ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። በቀና ልብ የመጡም አሉ፣ አድራሻ ፍለጋ የመጡም አሉ። ከበር ላይ ሆነሽ መለየት አትችይም። የቤትሽን አድራሻ ግን ለማንኛቸውም አትስጪ።

ጥያቄ፦ ተመዝግቤ ነበር፤ ግን አገኘኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋሽም፤ ያጠፋው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለውን ይዘጋል፣ ስልክሽን አይዘጋም። አሁንም በእሱ የስልክ ፋሚሊ ፕላን ላይ ነሽ? የልጁ ታብሌት በእሱ አካውንት ነው የሚከፈተው? ደግሞ የእኛ ነገር አለ። የእድሩ ዝርዝር፣ የሰበካ ጉባኤው መዝገብ፣ የክርስትና ጥሪ ወረቀት። የእንቁጣጣሽ ፎቶ ላይ ልጆቹ አደይ ይዘው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የአፓርታማው ስም በትልቁ ተጽፏል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ፎቶ ላይክ አድርጌያለሁ፤ ጓደኛዬ ደውላ እስክታስነሳው ድረስ አላስተዋልኩትም።

ጥያቄ፦ በታርጋዬ ሊፈልገኝ ይችላል?

ከ1994 ወዲህ የመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች መረጃ ለጠየቀ ሁሉ መስጠት አይችሉም። ሕጉ የመጣው በሰው ሕይወት ነው። ሪቤካ ሼፈር የምትባል ተዋናይት በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስትገደል፣ ገዳዩ አድራሻዋን በግል መርማሪ በኩል ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነበር ያገኘው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ለእኔም ይሠራል?

ይሠራል። ሕጉ ጾታ አይለይም።

ጥያቄ፦ ወደ ቨርጂኒያ ልዛወር ነው። ምዝገባዬ ይከተለኛል?

አይከተልሽም፤ እዚያ እንደ አዲስ ታመለክቻለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚይዘው የአቶርኒ ጄኔራል ቢሮ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት። ዲሲም የራሱ አለው። የምትዛወሪበትን ቀን ለአሁኑ ቢሮ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ደብዳቤ ተመልሶ ከመጣ ሊሰርዙሽ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት። «የት እንደምትኖሪ እንኳ አላውቅም» ብላ ታለቅሳለች።

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። እናትሽ አሳልፋ አትሰጥሽም። ግን የባልሽ እህቶች እሁድ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ «ለመሆኑ ልጅቷ የት ናት?» ይባላል። ካላወቀች መዋሸት አይኖርባትም። በቪዲዮ ደውዪላት፤ ቤቱን አሳያት፣ ምድጃውን፣ የልጆቹን አልጋ። መስኮቱን ተዪው። በርበሬ ልልክ ካለች በመንገደኛ ወደ ጓደኛሽ ቤት ይምጣ፣ ከዚያ ሄደሽ ትወስጃለሽ።