ቡችላው የዘረገፈውን የአሻንጉሊት ጥጥ ከምንጣፍ ላይ ለማንሳት

በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊው። ጥጡ አልነሳ ያለሽ መጥረጊያው ይበልጥ ወደ ምንጣፉ ውስጥ ስለሚያስገባው ነው። የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አጥልቂ፤ ውሃ ነካ አድርገሽ ምንጣፉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ፈተግ ፈተግ አድርጊው። ብናኙ እየተጠቀለለ በእጅ የሚለቀም ድቡልቡል ይሆናል። ሲሚንቶው ወለል ላይ የወደቀውን ጥጥ ግን ውሃ አርከፍክፈሽ መጥረግ ይበቃል። በሩን ግን ዝጊ፤ ነፋስ ከገባ እንደገና ልትለቅሚ ነው።

ከመጣልሽ በፊት የአሻንጉሊቱን ቁርጥራጭ ገጣጥመሽ እዪ። የፕላስቲክ ዓይኑ ወይም ክሩ ከጎደለ ቡችላው ውጦት ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ክሩን ነው። ካስመለሰው፣ ምግብ እንቢ ካለ ወይም መጸዳዳት ካቃተው ሳትውዪ ሳታድሪ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው፤ ባለሽበት በደብረ ማርቆስ ሐኪም ካጣሽ ባሕር ዳርም ቢሆን ውሰጂው። ክር ከኋላው ተንጠልጥሎ ብታዪ እንዳትጎትቺ፤ አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል።