ሲስተርን ጠይቁ፦ ከማህፀን ውጪ እርግዝና (የኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ግሩፕ)

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር አሳይቶኛል። ከማህፀን ውጪ ቢሆን አይለይም ነበር?
ሲስተር፦ አይለይም እህቴ። ሽንቱ ላይ የሚታየው ሆርሞኑ ነው፤ ፅንሱ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ከማህፀን ውጪ ከሚሆነው ከ90 በመቶ በላዩ የማህፀን ቱቦ ላይ ነው የሚያርፈው። ቱቦ እንደ ማህፀን አይሰፋም፤ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ገደማ ማመም ይጀምራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ደሙ የሚፈሰው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ከታች የምታዪው ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመምም አለ። ትከሻዋን ቪክስ ቀብታ "ብርድ መቶኝ ነው" እያለች የመጣች አይቻለሁ፤ የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ደም አጥቶ እንደ ወረቀት ነጥቷል። አልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ መሆኑን ሳያሳይ እንዳትዘናጉ።

ጥያቄ፦ ሆዴን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?
ሲስተር፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ) አለኝ፣ እኔን አያሰጋኝም አይደል?
ሲስተር፦ በሉፕ ላይ ማርገዝ ብዙም አያጋጥም። ካረገዝሽ ግን ከማህፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዪ።

ጥያቄ፦ የማስወረጃ ክኒን ያወጣዋል ይባላል።
ሲስተር፦ አያወጣውም! ደም ይፈስሻል፣ "ወጣልኝ" ብለሽ ትተኛለሽ፣ ቱቦው ላይ ያለው ግን እዚያው ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ አለ፤ ከፈነዳ ኦፕራሲዮን ነው። ወደ ማህፀን ማዛወር የሚባል ነገር የለም፣ ደጋግማችሁ አትጠይቁኝ።

አባል፦ ከኮዬ በሌሊት ባጃጅ ነው የሚያዋጣው።
ሌላ አባል፦ ያንን ኮብልስቶን ታማሚ ይዞ? ለአምቡላንስ 907 ይደወል እንጂ።
አባል፦ እኛ ሰፈር መኪና ሲጠራ ሹፌሩ ብሎኩን ሲፈልግ ይነጋል!
ሌላ አባል፦ አስፋልቱ ድረስ ሰው ላኩና ይቀበለዋ።
ሲስተር፦ ስለ መንገዱ ሌላ ቀን ተጨቃጨቁ። ቀድሞ የተገኘው ይያዝ፣ ብቻዋን አትሂድ፣ ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ምግብም ውሃም አትስጧት። የደም ዓይነቷ አርኤች ነጌቲቭ (ኤ-፣ ቢ-፣ ኤቢ- ወይም ኦ-) ከሆነች ለሐኪሙ ይነገረው።

ጥያቄ፦ አንድ ቱቦ ከወጣ መውለድ ይቻላል?
ሲስተር፦ ሌላው ደህና ከሆነ፣ አዎ። ሜቶትሬክሴት መርፌውን የወሰደች ግን ቢያንስ 3 ወር ሳታረግዝ ትቆይ። እንደገና ስታረግዝ በጊዜ አልትራሳውንድ፣ ምክንያቱም ሊደገም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለት መስመር ከመጣ ደህና ነው ማለት ነው?
ሲስተር፦ ከላይ አንብቢ እንጂ!

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያችን አልትራሳውንድ ከሌለውስ?
ሲስተር፦ ሪፈር አስጽፈሽ ዛሬውኑ ሆስፒታል። "ሰኞ እሄዳለሁ" እንዳትዪኝ።